ለእጅ የማይመች የሞተሪኖ ብሎን አፈታት፦ ለአሮጌ ናፍጣ መኪኖች

ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲጠመዘዝ ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ማውረድ ሲባል ሁለት ወይም ሦስት ብሎን መፍታት ነው። ሥራውን የሚያበላሸው ግን አንዱ ብቻ ነው፦ ከላይ በኩል፣ ሞተሩና የፍሪሲዮን ቤቱ (በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የፍሪሲዮን ሽፋን) የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ተደብቆ ዓይን የማያየው፣ እጅም በቅጡ የማይደርስበት ብሎን። ብዙ ሰው የታችኛውን በአምስት ደቂቃ ይፈታና ላይኛው ላይ ሲደርስ ይጣደፋል። ሶኬቱ በግማሽ ገብቶ ሳለ ይጫነዋል፣ የብሎኑ ራስ ተበልቶ ክብ ይሆናል፣ የሁለት ሰዓት ሥራ የሁለት ቀን ይሆናል።

ይህ መመሪያ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ላላቸው አሮጌ የናፍጣ ፒክአፖች፣ ሚኒባሶችና እንደ አይሱዙ ላሉ ቀላል የጭነት መኪኖች የሚሆን ነው። በሰሜን ሸዋ ነገሩ ከጋራዥ ርቀት ጋር ይያያዛል። መኪናው መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ላይ ቢቆም በሙሉ አስጎትቶ ደብረ ብርሃን ከማድረስ ይልቅ ሞተሪኖውን ብቻ ፈትቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው መላክ በብዙ ይረክሳል። እሱን ለማድረግ ብሎኖቹ ሳይበላሹ መፈታት አለባቸው።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የሞተሪኖው መሆኑን አረጋግጡ

ደህናውን ሞተሪኖ ያወረደ ሰው ብዙ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የውርጭ ወቅት፣ ጠዋት የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ነው።

1. በቴስተር ባትሪውን ለኩ። ሞተር ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.4 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ደህና ነው። ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው ለኩ፤ የአንዱ መድከም በድምሩ ውስጥ ይደበቃል።
2. ቁልፍ እየተጠመዘዘ ለኩ። በ12 ቮልት መኪና ላይ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ በመጀመሪያ ባትሪውን ቀይራችሁ ወይም ሞልታችሁ ሞክሩ። ውርጭ ባለበት ጠዋት በመጠኑ ዝቅ ማለቱ አያስደንግጣችሁ።
3. የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው አካል ላይ አድርጉና ቁልፍ ይጠምዘዝ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ የማሳ ገመዱ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው) ወይም መጋጠሚያው ዝጓል። እሱን አጽዱ። ሞተሪኖውን አትንኩ።

ባትሪውና ገመዱ ደህና ሆነው ሞተሪኖው "ቀጭ" ብቻ ካለ ወይም ጭራሽ ዝም ካለ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 2፦ መሣሪያውን ቀድማችሁ ሰብስቡ

ከመኪና ሥር ገብቶ መሣሪያ መፈለግ ነው ሰውን ያልሆነ ቁልፍ የሚያስጠቅመው። እነዚህ በእጃችሁ ሳይኖሩ አትጀምሩ፦

- ባለ ስድስት ማዕዘን ሶኬቶች፦ 12፣ 13፣ 14፣ 16፣ 17፣ 18 እና 19። ባለ 12 ጥርስ ሶኬት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የብሎኑን ራስ ጫፉ ላይ ብቻ ይነክሳል፣ ዝገት ያለበትን ብሎን ደግሞ ወዲያው ይበላዋል።
- ባለ ግማሽ ኢንች ማራዘሚያ ዘንጎች፣ ሲቀጣጠሉ ከ60 እስከ 75 ሴንቲሜትር የሚደርሱ። ቀጭኑ ዘንግ ስለሚጠመዘዝ ጉልበታችሁን ይበላል።
- በክሮቼራ የሚታጠፍ የሶኬት መገጣጠሚያ።
- ራቼትና ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እጀታ።
- የ500 ግራም መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ።
- ክሪክ፣ ሁለት መደገፊያ ብረት፣ ወፍራም ጣውላ።
- ባትሪ ያለው የእጅ መብራትና ካሜራ ያለው ስልክ።
- ሲሪንጅና ቀጭን ቱቦ፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታያላችሁ።
- ዝገት አላቂ ዘይት። ደብሊው ዲ 40 ወይም ተመሳሳዩ በገበያ አለ። ከሌለ 50 ሚሊ ሊትር አሴቶን ከ50 ሚሊ ሊትር የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጋር በብርጭቆ ወይም በቆርቆሮ ዕቃ ደባልቁ። ሁለቱ ስለሚለያዩ በተጠቀማችሁ ቁጥር ነቅንቁት። አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ሲጋራና እሳት ካለበት አርቁት። ናፍጣ ብቻውን መቀባት የተለመደ ነው፣ ግን ጭቃ ከማጠብ ያለፈ ብዙ አይረዳም።

የጃፓን መኪና ላይ ባለ 14 ራስ ብሎን በአብዛኛው ኤም 10 (10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው)፣ ባለ 17 ደግሞ ኤም 12 ነው። የአውሮፓ ሞተር ላይ ኤም 10 ባለ 16 ወይም ባለ 17፣ ኤም 12 ደግሞ ባለ 18 ወይም ባለ 19 ራስ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሚሊ ሜትር የሰፋ ሶኬት "ይገባል" ብላችሁ አትጠቀሙ። ራሱን የሚበላው እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ከአንድ ቀን በፊት የሚሠራ

ይህን ደረጃ መዝለል የሚያስከፍለውን ያህል ሌላው አያስከፍልም። የዛገ ብሎን ጊዜ ይፈልጋል።

1. በብሎኖቹ ዙሪያ ያለውን ጭቃና ዘይት በሽቦ ብሩሽና በጨርቅ አጽዱ። የመንዝ መንገድ አቧራ ከዘይት ጋር ተላቁጦ በብሎኑ ራስ ሥር እንደ ሲሚንቶ ስለሚደርቅ ሶኬቱ እስከ ታች አይገባም።
2. ከተቻለ ሞተሩን በመግፋት አስነስታችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሙቁት። አጭር ቁልቁለትና ከፊቱ ሜዳ ያለው ቦታ ምረጡ፣ በ2ኛ ማርሽ ልቀቁት። ሞተር ባልተነሳበት ፍሬኑ ኃይል የሚያገኝበት እርዳታ የለውም፣ መሪውም ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ጣርማበር ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህን ፈጽሞ አትሞክሩ። የአየር ፍሬን ያለው መኪና ከሆነ አየሩ ሳይሞላ አታንቀሳቅሱት።
3. ሞተሩን አጥፉ። የጭስ ቱቦው በእጅ የሚነካ እስኪሆን ጠብቁ፣ ከዚያ ዝገት አላቂውን አድርጉ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱን ወደ ጥርሱ ይስበዋል።
4. በሲሪንጅ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ብቻ አንጠብጥቡ። የብሎኑን ራስ ማርጠብ ብዙ አይጠቅምም፣ የተጣበቀው ጥርሱ ነውና። የብሎኑ ጫፍ በሌላ በኩል ወጥቶ የሚታይ ከሆነ እዚያ፣ ካልሆነም የሞተሪኖው ጆሮ (ብሎን የሚያልፍበት ክፍል) ከፍሪሲዮን ቤቱ ጋር የሚጋጠምበት መስመር ላይ አድርጉ።
5. ማታ፣ ከመኝታ በፊትና ሲነጋ ድገሙት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዘይት በብዛት አትርጩ። ትርፉ ወደ ፍሪሲዮን ቤቱ ገብቶ ዲስኩን ካረጠበው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሞተሪኖ ለማውረድ ተነስቶ ካምቢዮ ማውረድ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ደረጃ 4፦ መኪናውን ማቆምና ባትሪውን መለየት

ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በጣውላ ደግፉ። ክብ ድንጋይ ይንከባለላል። ከሥር የምትገቡ ከሆነ መኪናውን በመደገፊያ ብረት ላይ አሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

አይሱዙን የመሰለ ካቢኔው የሚነሳ መኪና ከሆነ መጀመሪያ ከውስጥ ያለውን ጠርሙስ፣ ጀሪካንና መሣሪያ ሁሉ አውጡ። ካቢኔው ሲያዘነብል ተንከባሎ የፊት መስታወቱን ይሰብራል። በሮቹን ዝጉ፣ አንሱት፣ መያዣው ብረት መቆለፉን በዓይናችሁ እዩ።

ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ቀድማችሁ ፍቱ። ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ወደ ማሳ የሚሄደውን ኔጋቲቭ ነው የምትፈቱት፤ ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘውን ገመድ ብቻ ፈትቶ መተው ግራ ያጋባል። የገመዱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሉና ከባትሪው አርቁት። ወደ ሞተሪኖው የሚመጣው ወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣ ነው፣ በመካከሉ ፊውዝ የሌለባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ባትሪው ሳይለይ ቁልፋችሁ ገመዱንና የሞተሩን አካል አንድ ላይ ቢነካ ቁልፉ ይግላል፣ ቀለበት ያደረገ ጣት ይቃጠላል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ።

ደረጃ 5፦ ብሎኑን በዓይን ፈልጉ

በጣት እየዳሰሱ መፍታት የለም። ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጉ፣ መብራቱን አብሩ፣ በጠባቡ ቦታ አስገብታችሁ ከላይም ከሥርም ከኋላም ቅረጹ። ቪዲዮውን ስትመለከቱ የምትፈልጉት ይህ ነው፦

- የብሎኑ ራስ በየት በኩል ነው? በአንዳንድ ሞተር ላይ ከሞተሪኖው በኩል ይገባል፣ በአንዳንዱ ከካምቢዮው በኩል ይመጣል፣ በሌላው ደግሞ የቆመ ብሎንና ዳዶ ነው።
- ስንት ናቸው? ብዙ ጊዜ ሁለት፣ በአንዳንዱ ሦስት። ከሞተሪኖው ጀርባ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝ ደጋፊ ቁራጭ ብረት ካለ የእሱን ብሎንም ቁጠሩ። እሱን ረስተው ሞተሪኖውን በዘንግ ሲያንገላቱ የሚውሉ አሉ።
- ከብሎኑ ጋር አብሮ የታሰረ የማሳ ገመድ ወይም የቱቦ መያዣ አለ? ፎቶ አንሱት፣ ሲመለስ እዚያው ይመለሳል።

ራሱ ከካምቢዮው በኩል ከሆነ በጠባቡ የሞተር ክፍል ውስጥ አትታገሉ። ከኋላ፣ ከካምቢዮው በላይ አድርጋችሁ ረጅሙን ዘንግ ወደ ፊት ዘርጉ። የማይደረስ የሚመስለው ላይኛው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ደረጃ 6፦ መንገድ አብጁ

በመጀመሪያ የሞተሪኖውን ገመዶች ፍቱ። ወፍራሙ ገመድ በሶሌኖይዱ ራስ ላይ በ12 ወይም በ13 ቁልፍ የሚፈታ ዳዶ አለው። ሶሌኖይዱ በሞተሪኖው ላይ የተደረበው ትንሹ ሲሊንደር ነው። ዳዶው ከዛገ አታስገድዱት፤ የቆመው ብሎን ለስላሳ ብረት ስለሆነ ይቆረጣል ወይም ከውስጥ ይዞራል፣ ያኔ ሶሌኖይዱ ራሱ ይበላሻል። ከሥሩ ሌላ ዳዶ ካለ እሱን በሌላ ቁልፍ ያዙና የላዩን ፍቱ። የቀጭኑን ገመድ መሰኪያ መቆለፊያውን ተጭናችሁ ሳቡት። ገመዱን ይዛችሁ አትጎትቱ።

ከዚያ በመንገዱ ላይ ያለውን ብቻ አንሱ፦ የአየር ማጣሪያ ቱቦ፣ የጭስ ቱቦ ሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ፣ የገመድ መያዣ። የናፍጣ ቱቦ ከሆነ መፍታቱን እስከ መጨረሻው አዘግዩት። አየር ከገባበት በኋላ ሞተሩ አልነሳ ብሎ አዲስ ችግር ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዘንጉ አሁንም ካልገባ ካምቢዮውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ክሪኩን በጣውላ ላይ አድርጋችሁ ካምቢዮውን ደግፉ፣ የኋላውን ተሸካሚ ብረት ብሎኖች ፍቱና ከ2 እስከ 4 ሴንቲሜትር በዝግታ አውርዱ። ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ በፍሪሲዮን ቤቱና በካቢኔው ወለል መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። እያወረዳችሁ ሳለ ሌላ ሰው ከፊት ሆኖ ቬንትሌተሩ የራዲያተሩን ሽፋን እንዳይነካ፣ የራዲያተር ጎማ ቱቦና የነዳጅ ገመድ እንዳይወጠር፣ የፍሪሲዮን ዘይት ቱቦ እንዳይታጠፍ ይይ። አንዱ ሲወጠር እዚያው አቁሙ።

ደረጃ 7፦ አፈታቱ

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ዋናው ነገር አስቸጋሪውን መጀመሪያ መንቀል ሳይሆን መጀመሪያ ማላላት ነው። ታችኛው ቀድሞ ከወጣ ከ5 እስከ 12 ኪሎ የሚመዝነው ሞተሪኖ በላይኛው ብሎን ላይ ይንጠለጠላል፣ ብሎኑም ተጣምሞ ይያዛል።

1. ሶኬት፣ ክሮቼራ፣ ማራዘሚያ በሚል ቅደም ተከተል አያይዙ። ክሮቼራው እንዳይወላገድ በኤሌክትሪክ ቴፕ አንድ ሁለት ዙር ጠቅልሉት፤ ይታጠፋል ግን አይወድቅም። እጥፋቱ ከ20 ዲግሪ ካለፈ ሶኬቱ ከራሱ ላይ መንሸራተት ስለሚጀምር የዘንጉን መንገድ ቀይሩ።
2. ሶኬቱን በብሎኑ ላይ አስቀምጡና በጣት እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋግጡ። ረዳት ካላችሁ አንዱ ሶኬቱን በእጁ ይዞ ወደ ብሎኑ ይግፋ፣ ሌላው ከዘንጉ ጫፍ ይዙር። "ቁም" ሲባል ወዲያው መቆም ነው፤ የተጨመቀ ጣት አለ።
3. በዘንጉ ጫፍ ላይ በመዶሻ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ መካከለኛ ምት፣ ቀጥ ብሎ ምቱ። ዝገቱን የሚሰብረው ይህ ንዝረት ነው። የሞተሪኖውን አካል አትምቱ፤ ቋሚ ማግኔት ያለው ዓይነት ከሆነ ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ ሊጠገን የሚችለውም አይጠገንም።
4. መጀመሪያ በትንሹ ወደማጥበቂያው አዙሩ፣ ጥቂት ዲግሪ ብቻ። ከዚያ ወደመፍቻው። እየተመላለሳችሁ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ጨምሩ።
5. ቀጥ ያለውን እጀታ ተጠቀሙ፣ ራቼቱን ለዚህ አታድርጉት፤ ውስጡ ይሰበራል። ኃይሉን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። መንቀጭቀጭ ራስ ይበላል።
6. ሩብ ዙር ከላላ አቁሙ። አሁን ወደ ታችኛው ሂዱና እሱንም ሩብ ዙር አላሉ። የኋላ ደጋፊ ብረት ካለ የእሱን ብሎን ጨርሶ አውጡት።
7. ከሞተሪኖው ሥር ጣውላ በክሪክ ደግፉ ወይም በገመድ ከላይ እሰሩት። ላይኛውን ብሎን ጨርሳችሁ አውጡ።
8. ታችኛውን በመጨረሻ፣ አንድ እጅ ከሞተሪኖው ሥር አድርጋችሁ አውጡ።

የአቅጣጫ ስህተት፦ በጠፍጣፋ ቁልፍ ከብሎኑ ራስ በስተጀርባ ሆናችሁ ስትሠሩ መፍቻው አቅጣጫ ለዓይናችሁ ይገለበጣል። ብዙ ብሎን የተቆረጠው "አልፈታ አለ" እየተባለ ሲጠብቅ ውሎ ነው። ወደ ራሱ ፊት ለፊት እያያችሁ ቢሆን ወደ ግራ የሚዞረው ነው መፍቻው። እሱን አስቡና በዘንጉ ላይ በኖራ ወይም በቀለም ቀስት ሳሉ።

ደረጃ 8፦ ሲያስቸግር

ጭራሽ ካልተነቃነቀ

ቱቦ ደርቦ እጀታውን ከማርዘም በፊት ሙቀት ሞክሩ። የብዙ መኪና የፍሪሲዮን ቤት አልሙኒየም ነው፣ አልሙኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ የሚሞቀው ብሎኑ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ቤት ነው። ከሁሉ የሚሻለው የፈላ ውሃ ነው፦ ሁለት ሊትር ያህል በቀጭኑ፣ በብሎኑ ዙሪያ ባለው አካል ላይ እያፈሰሳችሁ ወዲያው ፍቱ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ ከምድጃ ላይ እንደወረደ ተጠቀሙበት። የኤሌክትሪክ ሶኬቶችን ሸፍኑ፣ ወደ ፍሪሲዮን ቤቱ ክፍተት አታፍስሱ።

የጋዝ እሳት የመጨረሻው ነው፣ የለመደ ሰው ብቻ ይያዘው። አሴቶን ወይም ስፕሬይ የነካው ቦታ ተጠርጎ መድረቅ አለበት። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የታጠበ ቦታ አይሞቅም፤ አንዳንዱ ዓይነት በእሳት መርዛማ ጭስ ያወጣል። የሚያንጠባጥብ ናፍጣ ካለ እሳቱን እርሱት። የእሳት ማጥፊያ ወይም አሸዋና እርጥብ ጆንያ አጠገባችሁ ይሁን። አልሙኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ሳይቀላ ይቀልጣል። ስለዚህ እሳቱን አንድ ቦታ ላይ አታቁሙ፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ አንሱና ሞክሩ።

ራሱ ከተበላ

ሶኬቱ አንድ ጊዜ ከዘለለ ቁሙ። ሁለተኛው መዝለል ነው የማይመለሰው። በአንድ ቁጥር የሚያንስ ባለ ስድስት ማዕዘን ሶኬት፣ ለ17 ራስ 16፣ ለ14 ራስ 13፣ በመዶሻ መትታችሁ በራሱ ላይ አስገቡ። ጠባብ መሆኑ ነው የሚጠቅመው። ከዚያ ያለ ክሮቼራ፣ በቀጥታ ዘንግ ፍቱ።

ቦታው ለብየዳ የሚመች ከሆነ በተበላው ራስ ላይ ዳዶ አስበይዱና ገና ትኩስ ሳለ ፍቱ። ሁለቱም የባትሪ ገመዶች ይፈቱ። የብየዳው ማሳ መያዣ ከብሎኑ አጠገብ ባለ ንጹሕ ብረት ላይ ይያያዝ። ሩቅ ከተያያዘ ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ኩሽኔታዎች ውስጥ አልፎ ያበላሻቸዋል።

ከተቆረጠ

አትደንግጡ፣ የቀሩትን ብሎኖች ፈትታችሁ ሞተሪኖውን አውጡ። ብዙ ጊዜ ራሱ ሲቆረጥ ጥርሱ ላይ ያለው ጭነት ስለሚጠፋ ቀሪው ይላላል። ጉቶው ወጥቶ ከታየ፦

- በሚቆለፍ ፒንሳ አጥብቃችሁ ያዙና ወደ ፊት ወደ ኋላ እያላችሁ ፍቱ።
- ጥርሱ ከታየ ሁለት ዳዶ አስገቡ፣ እርስ በርስ አጥብቁ፣ ከዚያ የውስጠኛውን ወደመፍቻ አዙሩ።

ከገጽ ጋር እኩል ከተቆረጠ መሰርሰር ነው፣ ይህ ደግሞ በሽቅብ ተንጋሎ የሚሠራ አይደለም። መሐሉን በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጉ፣ በ3 ሚሜ ፑንታ ጀምሩ፣ ወደ 6 አስፉ፣ በተቆረጠ ብሎን ማውጫ ሞክሩ። ካልወጣ እስከ ጥርሱ ሥር መሰርሰር ነው፦ ለኤም 10 ባለ 1.25 እርምጃ (በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር) 8.8፣ ባለ 1.5 እርምጃ 8.5፤ ለኤም 12 ባለ 1.25 እርምጃ 10.8፣ ባለ 1.75 እርምጃ 10.2 ሚሜ። የጃፓኖቹ ብዙ ጊዜ ባለ 1.25 ናቸው። እርግጡን ለማወቅ ደህናውን ብሎን ይዛችሁ ብሎን ሻጭ ዘንድ ሂዱና ዳዶ አስገብታችሁ ሞክሩ። ፑንታው ወደ አልሙኒየሙ ካዘነበለ ወዲያው አቁሙና ለማሽን ቤት ስጡት።

ደረጃ 9፦ ሞተሪኖውን ማውጣት

ብሎን ከወጣ በኋላም በቦታው ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። በጆሮው ዙሪያ በመዶሻ ሳይሆን በጣውላ ቁራጭ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ፣ ወይም በመጋጠሚያው መስመር ካቻቢቴ አስገብታችሁ ከሁለት ጎን በየተራ አላቁ። ከቮላኖው (ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ትልቅ ጎማ መሰል ብረት) እስኪላቀቅ ቀጥ ብሎ ይሳብ። ከዚያ አዙሩት፤ ብዙ ጊዜ አፍንጫው ወደ ታች ሲሆን ነው የሚወጣው። በጆሮውና በፍሪሲዮን ቤቱ መካከል ስስ ሰሌዳ ካገኛችሁ የየት እንደሆነ ምልክት አድርጉና አስቀምጡ። እሱ ሳይመለስ የሞተሪኖው ጥርስ ከቮላኖው ጋር በትክክል አይገናኝም።

በጆንያ ስትልኩ ብሎኖቹን አብራችሁ አትላኩ፣ መንገድ ላይ ይጠፋሉ።

ቀዳዳው ክፍት ሳለ ውስጡን እዩ። ማንም ከሥር ሳይኖር፣ ድጋፎቹ ተነስተው መኪናው ጎማው ላይ ሆኖ፣ በ4ኛ ወይም በ5ኛ ማርሽ በሜዳ ላይ በጥቂቱ እየገፋችሁ የቮላኖውን ጥርስ ዙሪያውን በመብራት ተመልከቱ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ የሚቆመው ሁሌ በሁለት ተቃራኒ ቦታዎች አካባቢ ስለሆነ ጥርሱ የሚበላው እዚያ ነው። ተበልቶ ከሆነ አዲስ ሞተሪኖ ብታስገቡም አንዳንድ ቀን ይይዛል፣ አንዳንድ ቀን ያንጫርራል። በቀዳዳው ውስጥ ዘይት ካያችሁ የሞተሩ የኋላ ዘይት መያዣ ጎማ ወይም የካምቢዮው የፊት ዘይት መያዣ ጎማ እያፈሰሰ ነው፤ ይህን ለጋራዡ ንገሩ። ከዚያ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ፣ ጨርቁ ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታይ።

ደረጃ 10፦ መመለስ

1. ድፍን ጨርቁን አውጡ።
2. የሞተሪኖውን ጆሮና የሚቀመጥበትን ገጽ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ አጽዱ። የሞተሪኖው ማሳ በዚህ ገጽ ነው የሚያልፈው፤ ቀለም ወይም ዝገት ካለ አዲሱም ይደክማል።
3. የቀዳዳውን ጥርስ አጽዱ። ጥርስ ማውጫ ከሌለ ተመሳሳይ ብሎን ወስዳችሁ በሰጌቶ በርዝመቱ ሁለት ስንጥቅ አድርጉበት፣ ዘይት ቀብታችሁ በእጅ አስገቡ፣ አውጡ፣ ጥረጉ፣ ድገሙ።
4. ራሱ የተጎዳ ብሎን አትመልሱ። ርዝመቱ፣ ውፍረቱና እርምጃው አንድ የሆነ፣ በራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ቀይሩ።
5. ጥርሱ ላይ የመዳብ ቅባት በስሱ ቀቡ። ከሌለ ተራ ግሪስ፣ ግን ጥቂት።
6. ለላይኛው ብሎን በሶኬቱ ውስጥ ወረቀት አጥፋችሁ አድርጉ፤ ብሎኑን ይዞ ያደርሰዋል። መጀመሪያዎቹን አምስት ዙር በጣት ወይም በዘንጉ ብቻ፣ ያለ እጀታ አስገቡ። ከከበደ ተጣሞ ገብቷል ማለት ነው፣ አውጥታችሁ እንደገና።
7. ሁለቱም በእጅ ከገቡ በኋላ እየተፈራረቃችሁ አጥብቁ። ለኤም 10 ብሎን 45 ኒውተን ሜትር፣ ለኤም 12 ብሎን 80 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን። ቅባት ያለው ጥርስ በቀላሉ ስለሚጠብቅ በመጠኑ ቀንሱ። መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ በ25 ሴንቲሜትር እጀታ ጫፍ 18 ኪሎ ያህል መጫን 45 ኒውተን ሜትር ነው፣ 32 ኪሎ ያህል ደግሞ 80።
8. የሞተሪኖውን ወፍራም ገመድ አስሩ፣ ቀጭኑን ሰኩ፣ ያነሳችሁትን ሁሉ መልሱ። ካምቢዮውን ዝቅ አድርጋችሁ ከነበረ ተሸካሚውን አጥብቁ። ኔጋቲቩን በመጨረሻ።

ማርሽ ባዶ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ሰከንድ ብቻ ሞክሩ። ካንጫረረ ጠማማ ተቀምጧል ወይም በመጋጠሚያው ላይ ቆሻሻ አለ፤ አላልታችሁ አጽዱና መልሱ። "ቀጭ" ብቻ ካለ ገመድና ማሳ መልሳችሁ እዩ። ቁልፉን ከመለሳችሁ በኋላም መዞሩን ካላቆመ ወዲያው ኔጋቲቩን ፍቱ፤ በሶሌኖይዱ ውስጥ ያለው መገናኛ ተጣብቋል ማለት ነው፣ ወደ ሠራተኛው ይመለሳል።

ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በላይኛው ብሎን ላይ ቁልፍ አድርጋችሁ መያዙን እዩ። ላልቶ ከተገኘ በልኩ አጥብቁት። በድጋሚ ከላላ የቀዳዳው ጥርስ ተበልቷል፤ የውስጥ ጥርስ ሳይተካ በኃይል አታጥብቁት።